ወጥተዋል

መጠለያ ምን ይመስላል እያላችሁ ትጠይቁኝ የለ? እሺ፣ ልንገራችሁ። ፍራሽ ተብሎ ውፍረቱ ጣት የማያህል ስፖንጅ ይሰጣችኋል፤ ከሥሩ ያለው ሲሚንቶ ጎን ይወጋል። ብርድ ልብስ ለሁለት ሰው አንድ ነው። ሽንት ቤት ሰልፍ ነው፣ ውሃ ሰልፍ ነው፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያው ደግሞ ሰልፍ ብቻ ሳይሆን ጠብም ነው። የማታውቁት ሰው ጆሯችሁ ሥር ያስላል። መድኃኒታችሁንና መታወቂያችሁን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ካልያዛችሁ ኋላ ወየው ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ይኼን ይኼን ማንም ይነግራችኋል፤ ግድግዳውም ላይ ተለጥፏል። እኔ የምነግራችሁ ያልተለጠፈውን ነው። ስትመዘገቡ ቀስ በሉ። መዝጋቢው ደግሞ ከጠየቃችሁ ደግማችሁ መልሱለት። አፋችሁን አትክፈቱበት።

እኔ ከፈትኩበት።

ልብስ ሰፊ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ወርክሾፕ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። እዚያ ስሜ ክብሪት ነው። ቁጡ ነሽ ለማለት ነው፣ አልክድም፣ ነኝ። ሰው ሲንቀረፈፍ ማየት አልወድም። አለቃችን «አሥር ጊዜ ለክተሽ አንዴ ቁረጪ» ሲለኝ፣ «አሥር ጊዜ ስለካ ልጁ ያድግብኛል» እለው ነበር። ሁሉም ይስቃል። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፣ ሞኝ።

ቤታችን ታችኛው ሰፈር ነው፣ ወንዙ ዳር። ሦስት ነን፤ እናቴ፣ ታናሽ እህቴ፣ እኔ። እናቴ አስም አለባት፤ ብርድ ካገኛት ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ታናሼ አንድ እግሯ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዘዝላትም፣ በክራንች ነው የምትሄደው። እጇ ግን ጉድ ነው! ቤት ቁጭ ብላ የሰፈሩን ስልክ ሁሉ ትጠግናለች። ጎረቤቱ «ሐኪሟ» ነው የሚላት። የሞተ ስልክ ይዘው ይመጡና በር ላይ ቆመው «ሐኪሟ አለች?» ይላሉ።

እኛ ቤት አንቱ የሚባል ነገር የለም። እናቴ ከልጅነታችን ጀምሮ ከልክላናለች። «ሆዴ ውስጥ ሲንፈራገጥ የከረመ ሰው እንዴት አንቱ ይለኛል? እንግዳ ነኝ እንዴ?» ትላለች። ስለዚህ ለእኛ እማዬ አንቺ ናት። በሌለችበት ስናነሳትም «መጣች፣ ሄደች፣ በላች» ነው። ጎረቤት ግን ሽበቷን አይቶ «መጡ፣ ሄዱ፣ በሉ» ይላታል። ይቺን ነገር ያዙልኝ። ያን ቀን እኔ ያልያዝኳት ይቺን ናት።

ጎርፉ የመጣ ዕለት ጠዋት ሥራ ገብቻለሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ ነበር፤ ዝናብ ነው፣ ያባራል ብለን ነው እንጂ ማን እንደዚያ ይሆናል ብሎ! ረፋዱ ላይ መኪኖቹ እየሰፉ መብራት ድርግም አለ። መስኮቱ ጋ ሄድን። መንገዱ የለም። ቡናማ ውሃ የሰው ፍራሽ፣ የሰው በር፣ የሰው ወንበር ተሸክሞ ይሄዳል። ወንዙ ግንቡን ጥሶ ወጥቷል አሉ። ታችኛው ሰፈር ሲሉ ጆሮዬ ጭው አለ።

ወደ ቤት ሮጥኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ ድልድዩ የለም፣ ፖሊሶች ገመድ ዘርግተው ቆመዋል። እህቴ ጋ ደወልኩ፣ ደወልኩ፣ ደወልኩ። የሰፈሩን ስልክ ሁሉ የምታድነው ልጅ የራሷ ስልክ ዝግ ነው። እማዬ መጀመሪያም ስልክ መያዝ አትወድም። ፖሊሶቹ እየገፉ ከሌሎች ጋር አንድ የጭነት መኪና ላይ ሰቀሉኝ፤ ወደ መጠለያ ነው ተባለ። መኪናው ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። በያጁ ጎረቤታችን ነው፣ ግድግዳ የምንጋራው።

«እማዬስ? ታናሼስ?» አልኩት ሰላም እንኳ ሳልለው።

ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል። ከኋላው የሞተር ጩኸት አለ። «ወጥተዋል!» አለኝ። «በጀልባ ወጥተዋል! አይዞሽ! አሁን ደግሞ...» ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ኔትወርክ የለም።

መኪናው ላይ እልል አልኩ። ከዚያ በኋላ ማልቀስ መጣ። አንዲት አብራኝ የምትሠራ ልጅ አንገቴን አቅፋ «ምን ተባልሽ?» አለችኝ። «ሁለቱም ወጥተዋል!» አልኳት። «ሁለቱም» የምትለዋን የጨመርኳት እኔ ነኝ። በያጁ አላላትም። እሱ ትልቅ ሰው አክብሮ ነው የተናገረው፤ እኔ ደግሞ እናቴን አንቱ ብዬ የማላውቀው፣ ወጥተዋል ሲለኝ ሁለት ሰው ነው የሰማሁት።

መጠለያው የአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ነው። መሬቱ ላይ የኳስ ሜዳ መስመር ተሰምሯል፤ ሰዉ ፍራሹን በመስመሩ ልክ ያነጥፋል፣ አጥር ይመስል። በሩ ላይ ጠረጴዛ አለ። ጠረጴዛው ላይ ደብተር፣ ሬዲዮ መገናኛና አንድ ቀጭን ሰውዬ። የመነጽሩ እጀታ በክር ታስሯል። በደህናው ቀን የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው አሉ። ስሙን የጠየቀው ስለሌለ ሰዉ «መዝገቡ» ብሎት አረፈ። መዝገቡ ሲጽፍ ቀስ ብሎ ነው፣ ፊደሉን እያሳመረ፣ ሠርግ የሚጠራ ይመስል። እኔ ውሃ ውስጥ እንደ ወደቀች ድመት ተነክሬ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ከኋላዬ ሃምሳ ሰው ተሰልፎ፣ ይኼ ሰውዬ ፊደል ያሳምራል።

ቁጥር የተጻፈበት ቢጫ ላስቲክ እጄ ላይ አሰረልኝ። የቤት ቁጥሬን ነገርኩት፣ መቶ አርባ ሁለት።

«ቤት ውስጥ የቀረ ሰው አለ?»

«የለም። እናቴና እህቴ ወጥተዋል።»

«አይተሻቸዋል?»

«ጎረቤታችን ደውሎ ነግሮኛል።»

ብዕሩን አቆመ። «ቃሉ እንዴት ነበር፣ እህቴ? እንዳለ ንገሪኝ።»

«ወጥተዋል! በጀልባ ወጥተዋል!»

«እሺ። ወጥተዋል ሲል ሁለቱንም ነው?» አለኝ በዝግታ። «እናትሽ ትልቅ ሰው ናቸው። እሳቸውን ብቻ ብሎ ቢሆንስ?»

አያችሁ? ጠይቆኛል። እግዜር ራሱ ወርዶ ቢጠይቀኝ ከዚህ ይበልጥ አጥርቶ አይጠይቀኝም። እኔስ ምን አልኩ?

«አንተ ሰውዬ ቋንቋ አይገባህም እንዴ? ወጥተዋል ማለት ወጥተዋል ነው! ልትመዘግበኝ ነው ወይስ ሰዋስው ልታስተምረኝ?»

ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ «ተዋት፣ ክብሪት ናት እኮ» አለችው። እውነቱን ልናገር፣ ሳቃቸው ጣመኝ። ከረፋዱ ጀምሮ ፈርቼ ስለቆየሁ ይሁን አላውቅም፣ ልቤ ሞቅ አለ።

መዝገቡ አልተቆጣም። «የምጠይቅሽ ጀልባዎቹ በዚህ ወረቀት ስለሚሄዱ ነው» አለኝ። «ባዶ የተባለ ቤት ጋ አይቆሙም።»

«ባዶ ነው አልኩህ! ጻፍና ልቀቀኝ!»

ጻፈ። ባዶ። ሁለት ፊደል ናት። አጠገቧም «ቤተሰብ አረጋግጧል» ብሎ ጨመረ፣ አሳምሮ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት! እህቴ ቆጥ ላይ ተቀምጣ ውሃው ሲወጣባት፣ እኔ ለሦስት ሰው ቦታ ስሻማ ነበር። አዳራሹ ጥግ፣ ነፋስ የማይገባበት፣ መመሪያው ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር ሦስት ፍራሽ አነጠፍኩ። ጎኔ የወደቀው ጡረታ የወጣ ሹፌር «ሁለቱን ልቀቂ፣ ባዶ ነው» ቢለኝ፣ «እናቴና እህቴ እየመጡ ነው! አስም አለባት እናቴ!» ብዬ አምባረቅኩበት። ነርሷ ጋ ሄጄ የእማዬን የሚነፋ መድኃኒት አስያዝኩ። ለእህቴ ግድግዳ የምትደገፍበትን ጫፍ መረጥኩላት፣ ከመሬት ስትነሳ የምትይዘው ነገር ስለምትፈልግ። ጥሩ እህት ነኝ ብዬ እኮ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ሊመሽ ሁለት ሰዓት ግድም ሲቀረው፣ ከሐኪም ቤት አንድ መኪና መጣ። እማዬ ወረደች። የሰው ካፖርት ለብሳለች፣ እጅጌው ጣቷን ሸፍኖታል። ሮጬ ሄጄ ተጠመጠምኩባት። እሷ ግን እኔን አቅፋ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ትፈልጋለች።

«ታናሽሽስ?» አለችኝ።

«እንዴ? አብራችሁ አይደለም የወጣችሁት?»

«ከእኔ ጋር?» ራቅ ብላ አየችኝ። «እኔን ብቻ ነው እኮ ያወጡኝ። ጀልባው ሞልቶ አንድ ሰው ብቻ ነው የምንይዘው አሉ። እሷ ናት እማዬ ትቅደም፣ እኔ እዋኛለሁ ብላ የቀለደችባቸው። ቆጡ ላይ አውጥቷት ነው በያጁ እኔን ያሻገረኝ። ተመልሰን እንወስዳታለን ብለው ምለውልኛል። አንቺ ጋ ደርሳለች ብዬ ነዋ እኔ ሐኪም ቤት አርፌ የተኛሁት!»

ወጥተዋል። አንድ ሰው። እሳቸው። ያ ቀርፋፋ ሰውዬ የጠየቀኝ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ ደግሞ ጮኸ።

ጠረጴዛው ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፣ የሰው ፍራሽ ረግጫለሁ፣ የሰው ውሃ ደፍቻለሁ። «ቆጥ ላይ ናት! እህቴ ቆጡ ላይ ናት! አልወጣችም!» መዝገቡ ደብተሩን ገለጠ፣ ጣቱ መቶ አርባ ሁለት ላይ ደርሶ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሬዲዮውን አነሳ።

«ጀልባ ሁለት፣ ጀልባ ሁለት። መቶ አርባ ሁለት ቁጥር ቤት ሰው አለ። ቆጥ ላይ።»

ሬዲዮው ተንሻሻ። «መቶ አርባ ሁለት ባዶ ነው እኮ የሚለው። እዚያ ሰፈር የነበረው ጀልባ ስለተበላሸ በወረቀቱ ነው የምንሄደው፤ ሁለቴ በበሩ አልፈናል።»

«ወረቀቱ ተሳስቷል» አለ መዝገቡ። ሴትየዋ አላለም። ወረቀቱ አለ።

«አሁን እኛ ወዲያኛው ጫፍ ነን፣ ሰው ጭነናል። እነዚህን አራግፈን እስክንመለስ ፀሐይ ትገባለች። ከገባች በዚያ ሰፈር መንቀሳቀስ አንችልም፤ ሽቦው፣ ብረቱ አይታየንም።»

«ሞክሩ፣ እባካችሁ።»

«እንሞክራለን።»

እማዬ ከኋላዬ ደርሳለች። ትንፋሿ ያፏጫል። «ምንድን ነው የሚሉት? ማን ነው ቤቴን ባዶ ያለው? ልጄን አስቀምጬ የወጣሁበትን ቤት ማን ነው ባዶ ያለው?»

አፌ አያርፍም አይደል? ያን ጊዜ ማረፍ ነበረበት፣ ወይም እውነቱን መናገር ነበረበት። ሁለቱንም አላደረገም። ጣቴ ተነሳ። «እሱ ነው» አልኩ። «ይኼ ሰውዬ ነው የጻፈው።»

ውሸት ነው? ጽፏል። በገዛ እጁ ጽፏል። ለራሴ እንደዚያ እያልኩ ነበር።

መዝገቡ አየኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት በተሻለኝ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረ። «አዎ፣ እማማ» አላት። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሰው ከበበን። ሹፌሩ «በሰው ነፍስ ይቀለዳል እንዴ? መጻፍ ካልቻልክ ለሚችል ልቀቅ!» ብሎ ጮኸበት። አንዱ ደብተሩን ቀሙት አለ። ቅድም ሰልፍ ላይ ከእኔ ጋር የሳቁት ሁሉ እዚያው ናቸው፣ የጠየቀኝን ሰምተዋል፤ ማንም አላስታወሰም፣ ወይም ማንም ማስታወስ አልፈለገም። አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ ብቻ ዓይኔን ፈልጋ አየችኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

እማዬ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። እናቴ ስትራገም ሰምቼ አላውቅም፤ ዶሮ እንኳ አትራገምም። «ባዶ ብሎ የጻፈው እጅህ ይድረቅ!» አለችው። «እንደ ልጄ እግር አልታዘዝ ይበልህ!»

መዝገቡ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሬዲዮውን በግራው ያዘ።

ወደ በሩ ሮጥኩ። ጠባቂዋ፣ ሰፋ ያለች ሴት፣ ሁለት ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ። «ልቀቂኝ! እህቴ ናት! በእናትሽ ልቀቂኝ!» ነከስኳት መሰለኝ። «ብለቅሽ ሬሳው ሁለት ይሆናል» አለችኝ። «መንገዱ እስከ አንገት ነው። ነክሰሽ ስትጨርሺ ቁጭ በይ።» እግሯ ሥር ቁጭ አልኩ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። መጠለያ ማለት ለካ መጠበቅ ነው። በላይኛው መስኮት የገባው የፀሐይ ብርሃን መጀመሪያ መሬቱ ላይ ነበር፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ መውጣት ጀመረ። መመሪያ አንድን አለፈ። መመሪያ ሁለትን አለፈ። እጅዎን ይታጠቡ። ጸጥታ ያክብሩ። ብርሃኑ ከጣሪያው ሲደርስ ጀልባ የለም ማለት ነው።

እኔ መለካት ጀመርኩ። ሌላ ምን አውቃለሁ? የእህቴን ልክ በልቤ አውቀዋለሁ፣ ቀሚሷን ሁሉ የምሰፋላት እኔ ነኝ። ቁጭ ስትል ከመቀመጫዋ እስከ አናቷ ሰማንያ ሁለት ሳንቲ ሜትር። ቆጡ ከመሬት ሁለት ሜትር ከአሥር። ከቆጡ እስከ ቆርቆሮው አንድ ሜትር። እማዬ ስትወጣ ውሃው መስኮቱን ይዟል ብላለች፣ መስኮቱ ደግሞ ሰማንያ አምስት ላይ ነው። በየሰዓቱ ስንት ይጨምራል? ሃያ ቢጨምር? ሠላሳ ቢጨምር? ሠላሳ ከጨመረ ቆጡን አልፏል። ቆጡን ካለፈ ወገቧ ነው። ወገቧ ከሆነ ደረቷ ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ለካሁ። እንደገና። ሂሳቡ አንዴ ያድናታል፣ አንዴ ይገድላታል። አሥር ጊዜ ለካሁ፣ ከአሥርም በላይ። አለቃዬ ይየኝ አሁን! ከቆረጥኩ በኋላ መለካት እንደዚህ ነው።

እማዬ ካነጠፍኳቸው ፍራሾች መሀል ተቀምጣለች። ጫማዋን አላወለቀችም። መድኃኒቱን ነርሷ በግድ ነፋችላት። አጠገቧ ሄጄ መቀመጥ አልቻልኩም። አምላኬ፣ እግሯን ወስደሃል፣ ይበቃሃል፣ ሌላውን ተውላት እያልኩ በሩ ሥር ተንበርክኬያለሁ። እኔን ውሰደኝ አልኩት። ይኼንን ሰው ሁሉ ይላል፣ እሱም ሰምቶ ሰልችቶታል።

ብርሃኑ የመጨረሻውን መመሪያ አልፎ ቀጭን መስመር ሲሆን ሬዲዮው ተንሻሻ።

«ጀልባ ሁለት ነኝ። መቶ አርባ ሁለት ደርሰናል።»

ሰዉ ከፍራሹ ተነስቶ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። መዝገቡ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ቆመ። ቆርቆሮ ሲቀደድ ይሰማል። ሰው ይጮሃል። ውሃ ይንቦጫረቃል። ረጅም ጊዜ። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ።

«ወጥተዋል።»

መዝገቡ ሬዲዮውን በሁለት እጁ ያዘ፤ ቀኝ እጁ ያን ጊዜ ነው ከኪሱ የወጣው። «ወጥተዋል አትበለኝ!» ብሎ ጮኸ፣ ያ ድምፁ የማይሰማ ሰው። «በነጠላ ንገረኝ! ማን? በሕይወት?»

«እ... አንዲት ልጅ ናት። ወጥታለች። በሕይወት አለች፣ እየተሳደበች ነው።»

ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ሹፌሩ አለቀሰ። እኔ ሲሚንቶውን ሳምኩ፣ ስንት እግር የረገጠውን።

እህቴን በቃሬዛ አመጧት፣ በላስቲክ ተጠቅልላ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ክራንቿ የለም። ጣቶቿ፣ እነዚያ ብሎን የሚፈቱ ጣቶቿ፣ በቆርቆሮ ተተልትለዋል። እማዬ ፊቷን፣ አንገቷን፣ እጇን እየሳመች ትንፋሿ ቆመ ስንል ትቀጥላለች። ግድግዳ ሥር ያለው ፍራሽ ላይ አስቀመጥናት። እኔ እግሯን ላሽ ጀመርኩ፤ ባነነችና አየችኝ።

ድምፅ የላትም፣ በጩኸት አልቋል። በሹክሹክታ ነው የምትናገረው፣ ግን ጥጉ ሁሉ ይሰማል።

«ሁለቴ መጡ» አለች። «የቤቱን ቁጥር አነበቡ። ክራንቼን በቆርቆሮው ስንጥቅ አውጥቼ መታሁ፣ መታሁ። ሞተሩ ድምፄን በላው። በሁለተኛው ውሃው ወገቤ ደርሷል። ሞተሩን ትንሽ ዝም አደረጉትና አንዱ ሲናገር ሰማሁት። ባዶ ነው፣ ቤተሰብ አረጋግጧል አለ። ከዚያ ሄዱ።» ዋጥ አደረገች። «እሱን ስሰማ መምታት ተውኩ። ቤተሰብ ካረጋገጠ ምን እመታለሁ?»

«ቤተሰብ አይደለም ልጄ!» አለች እማዬ። «ቤተሰብማ እንዴት እንደዚህ ይላል! ያ ሰውዬ ነው።» ቀና ስትል መዝገቡ ቆሟል። ደረቅ ብርድ ልብስ ይዞ መጥቷል፣ በግራ እጁ፤ ቀኙ ተመልሶ ኪሱ ገብቷል። እማዬ ፍራሹን ተደግፋ ተነሳች። «ደግሞ መጣህ? ደግሞ? ልጅ አለህ አንተ? የእኔን ልጅ እንዳደረግካት የአንተን...»

«እማዬ አትርገሚ!»

እኔ ነኝ የጮህኩት። የእናት እርግማን ጠብ አይልም ይባላል፤ እጁን የሰጠኋት ይበቃል፣ ልጁን አልሰጣትም።

«እጁ የጻፈው የእኔን አፍ ነው» አልኩ። «ባዶ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። በያጁ ደውሎ ወጥተዋል አለኝ፣ አንቺን ነበር። እኔ ሁለታችሁንም መስሎኝ ነው።»

አዳራሹ ሲያስል፣ ሲያወራ፣ ዕቃ ሲያንቀሳቅስ ይሰማኛል።

እህቴ ናት የተናገረችው። «አልጠየቀሽም?»

«ጠይቆኛል። እሳቸውን ብቻ ብሎ ቢሆንስ ብሎኛል።»

«ምን አልሽው?»

«ሰዋስው አታስተምረኝ አልኩት።»

እህቴ ሳቀች። ሳቅ ከሆነ፤ ድምፅ የሌለው ነገር ደረቷን ሁለት ሦስቴ ነቀነቀውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እማዬ ወደ መዝገቡ ሄደች። ቀኝ እጁን ከኪሱ ራሷ አወጣችው። መዳፉን ገልብጣ ሳመችው፣ ግንባሯ ላይም አስነካችው። «ይቅር በለኝ፣ ልጄ» አለችው። «አፌን ይዝጋው። ይቅር በለኝ፣ የኔ ጌታ።» እሱም «ምንም አይደል፣ እማማ፣ ምንም አይደል» እያለ ብርድ ልብሱን አቀበላትና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ተመልሳ መጣች። እህቴን አለበሰቻት። መሀል የነበረውን ፍራሽ ስባ ከእህቴ ፍራሽ ጋር ገጠመችው፣ ራሷ ተቀመጠችበት፣ ጫማዋን አወለቀች። ሦስተኛው ፍራሽ ለብቻው ቀረ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ስደቢኝ እላለሁ በልቤ። ምቺኝ። ርገሚኝ፣ ለእሱ የጀመርሽውን ለእኔ ጨርሺው። እጄን ዘረጋሁ፣ መልሼ ሰበሰብኩት።

ብዙ ቆይታ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ድምፅዋም በር ላይ ለመጣ ሰው የምታወጣው ድምፅ ነው፣ ደህና፣ ጨዋ፣ የማላውቀው።

«ይቀመጡ እንጂ» አለች። «ቆመው ዋሉ፣ ደክሞዎታል።»

ማን እንደመጣ ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ያለው ግድግዳው ብቻ ነበር።